የአያ ሚሊሜትር ደብተር፤ ክፍል 6፦ ጅራፍ ነው ነጎድጓድ?

እሺ፣ የት ነበር ያቆምነው?

አውቃለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትረግሙኝ ሰንብታችኋል። አንዷማ ማክሰኞ ዕለት ታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝታኝ «ደብተሩ ይቃጠላል ወይስ አይቃጠልም? እሱን ብቻ ንገረኝና ሂድ» አለች። ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ከዚህ ሥራ የማገኘው ትርፍ ይኸው ነውና አትቀየሙኝ።

ጮቄ ግርጌ ነበርን፤ ከተራራው በስተምዕራብ፣ ጅረቷ ወርዳ ጨሞጋ ከምትገባበት በላይ። ዓመቱ 1998፣ ቀኑ ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 10። ተራራው አናት ላይ ከላይ ጠፍጣፋ ከወገቡ ቀጠን ያለ፣ የአንጥረኛ መስፍ የመሰለ ጥቁር ደመና ተገትሯል። መሪጌታው መቋሚያቸውን ይዘው ጉብታው ላይ ወጥተዋል። አያ ሚሊሜትር ዝናብ መለኪያው አጠገብ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን ያያል። መንደሩ በሙሉ ደግሞ ሁለቱን ያያል።

ውርርዱን መቼም አልረሳችሁትም። በረዶ መንደሩ ላይ ከወረደ መሪጌታው ለጥበቃ ብለው ከየቤቱ የሰበሰቡትን ቁና ቁና ገብስ ይመልሳሉ። ካልወረደ አያ ሚሊሜትር የ14 ዓመት ደብተሩን ዛሬ ማታ የቡሄው ችቦ ውስጥ ይጨምራል።

ሞኝ ውርርድ ነው። ግን እናንተም ጠላ ቤት ውስጥ አርባ ሰው እየሳቀባችሁ «ዝናብ ጸሐፊ ዝናብ አያዘንብም» ብትባሉ ከዚህ የባሰ ትወራረዱ ነበር።

የተያዘው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ገብሱ ዘርዝሯል። ሽምብራ የምታክል በረዶ ሩብ ሰዓት ብትወርድበት የዓመቱ ቀለብ አለቀ። ጤፉ ገና ቡቃያ ስለሆነ ቢቀጠቀጥም ሊያንሰራራ ይችላል፤ የዘረዘረ ገብስ ግን አንገቱ አንዴ ከተሰበረ ተሰበረ።

ብልጭ!

አያ ሚሊሜትር መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... (ለምን እንደሚቆጥር ክፍል 3 ላይ ነግሬአችኋለሁ። ብልጭታውን ወዲያው ታዩታላችሁ፤ ድምፁ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ በኋላ ይደርሳል። ሦስት በቆጠራችሁ ቁጥር አንድ ኪሎ ሜትር። ያን ሳምንት መጽሔቱን ለጎረቤት ያዋሳችሁ ሰዎች ጥፋቱ የራሳችሁ ነው።) ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት...

ጧ!

«ሃያ ሁለት!» አለ ልማት ሠራተኛው ጮክ ብሎ። «ቀረበ፣ ቀረበ!»

«አልቀረበም» አለ አያ ሚሊሜትር ጥርሱን ነክሶ። «ጅራፍ ነው።»

ቡሄ አይደል! ዘጠኝ ወንዶች ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ተደርድረው ጅራፍ ያጮኻሉ። አያ ሚሊሜትር ነጎድጓድ በጠበቀ ቁጥር ጅራፍ ይሰማል፤ ጅራፍ ነው ብሎ በናቀው ቁጥር ነጎድጓድ ሆኖ ይገኛል። የጅራፎቹ አለቃ ደግሞ ማን ይመስላችኋል? የራሱ ልጅ፣ የ11 ዓመቱ ጠብታ። (የተወለደ ቀን መለኪያው ውስጥ አንዲት ጠብታ ብቻ ተገኝታ ነበር። ክፍል 1።)

«ጠብታ! ና ወዲህ!»

«አቤት አባዬ!»

«እስከ 11 ሰዓት ጅራፍ እንዳልሰማ።»

«ቡሄ ነው እኮ!»

«ቡሄ ነገም አለ። ዛሬ ሰማዩን ልስማበት።»

ልጁ አኮረፈ። ማኩረፉ አይገርምም፤ ጅራፍ ማጮህን ያስተማረው አባቱ ነው። ከብት ይዞ ማዶ ሲውል በጅራፍ ነው የሚነጋገሩት። አንዴ ጧ ሲል «አየሁህ» ነው። ሁለቴ «ባለህበት ቁም»፣ ሦስቴ «ወደኔ ና»። እግረ መንገዳቸውንም ሒሳብ ይሠራሉ፤ ጠብታ የአባቱ ክንድ ሲወነጨፍ አይቶ ድምፁ እስኪደርሰው ይቆጥራል። «አንድ» ብሎ ከጨረሰ 340 ሜትር ርቆ ቆሟል ማለት ነው። ይቺን የጅራፍ ቋንቋ ያዟት። ኋላ «አልነገርከንም» እንዳትሉኝ።

ጅራፉ ዝም ሲል ሰማዩ መናገር ጀመረ።

10፡20 ላይ ሠላሳ ቆጠረ። 10፡28 ላይ ሃያ ሰባት። 10፡37 ላይ ሃያ አራት፤ ስምንት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እየቀረበ ነው። ከተራራው በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ተወርውሮ መጣ። ደመናው ውስጥ ዝናብና በረዶ ያቀዘቀዙት አየር ከብዶ ሲወድቅ መሬት ይመታና እንደ ፈሰሰ ውሃ ዙሪያውን ይበተናል፤ ከዝናቡ ቀድሞ ፊታችሁን በጥፊ የሚላችሁ ነፋስ እሱ ነው። ዶሮዎቹ ወደ ቤት ገቡ። ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ጠቆረ። አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የገብስ ማሳቸውን እንደታመመ ልጅ ያዩታል።

«የኔታስ?» አለ አንዱ።

«እንደቆሙ ናቸው።»

ብልጭ! አንድ፣ ሁለት... ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ። ግውውው።

አያ ሚሊሜትር ሰዓቱን አየ። 10፡46። ሃያ ዘጠኝ?

ቀጥሎ 10፡55 ላይ ሠላሳ ሦስት ሆነ። እየራቀ ነው። ጉብታው ላይ መሪጌታው መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ፤ መንደሩ በእልልታ ተናወጠ።

እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። ደመናውን ማን መለሰው? መሪጌታውን ላስቀይም አልፈልግም፤ እኚህ ሰው ገና ብዙ ሥራ አላቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ። ግን በክረምት ከምድር ርቆ፣ ያ ደመና ራሱን በሚያስደገፍበት ከፍታ ላይ፣ ነፋሱ የሚነፍሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። እንዲህ ያለ ደመና 12 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ራሱን ነፋሱ ጎትቶ መንደሩ ላይ አጠላው፤ እግሩ ግን ተራራው ላይ ነው። ሰዉ በጃንጥላው ጥላ ደነገጠ እንጂ ጃንጥላውን የያዘው ሰውዬ ከጮቄ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቅርንጫፍ ወደ መንደሩ ፈንገጥ ብሎ ሞክሮ መንገድ ላይ ከሰመ። በቃ ይኸው ነው።

36,000 ኪሎ ሜትር ላይ የተሰቀለችው ሜቴዎሳት ሳተላይት ያኔ በየ15 ደቂቃው አፍሪካን ፎቶ ታነሳ ነበር፤ የዚያን ቀን ጮቄ ላይ ነጭ ነቁጥ ሳታይ አትቀርም። ግን የዚያችን ጅረት መረማመጃ ድንጋይ የሚያውቅ ሳተላይት የለም። እሱን የሚያውቀው አያ ሚሊሜትር ነው። እሱ ደግሞ በዚያች ሰዓት ልቡ ደብተሩ ላይ ነበር።

11 ሰዓት ሞላ። የጅራፍ ክልከላው አበቃ። ዘጠኙ ልጆች ሆያ ሆዬ ሊሉ ወንዝ ማዶ ተነሡ፤ ማዶ ያሉት ቤቶች ሙልሙል በመስጠት ይታወቃሉ። የጠብታ እናት እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ከበር ብቅ አሉ።

«ችቦ ያዙ፣ ሲመሽ ጨረቃ የለችም። ደወል ስትሰሙ ደግሞ አንድም ሳትዘገዩ ወደ ቤት!»

«እሺ እማዬ!»

ደወል። እሱንም ያዙልኝ።

አያ ሚሊሜትር ግን ቆጠራውን አልተወም፤ ሱስ ነው። 11፡25 ላይ ሠላሳ ስድስት ቆጠረ። 11፡31 ላይ ሠላሳ አምስት። 11፡38 ላይ ሠላሳ ስድስት። 11፡46 ላይ ሠላሳ ስድስት። በእርሳስ እየጻፈ አንድ ነገር ጀርባውን ቆነጠጠው፤ ግን ምን እንደሆነ አልያዘውም። እናንተ ያዛችሁት? ቁጥሮቹን እንደገና እዩአቸው እስቲ። አልቸኩልም።

ከዚያ መለኪያውን ከፈተ። አንዲት ሸረሪት ውስጡ ድር ጀምራለች። ውሃ የለም። በእርሳስ 0.0 ብሎ ጻፈ። ይሄን ሥራ የማያውቅ ሰው «ካልዘነበ ምን ይጻፋል?» ይላል። ባዶ ቦታና ዜሮ ግን አንድ አይደሉም፤ ባዶው «አላየሁም» ማለት ነው፣ ዜሮው «አይቻለሁ፣ የለም»። በ14 ዓመት ውስጥ አንዲት ባዶ ቦታ የለችበትም፤ እናቱን በቀበረ ማግሥት እንኳ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ዘንድ ቆሟል።

መሪጌታው በሕዝብ ታጅበው ወረዱ። ደክመዋል፤ ነጠላቸው በላብ ተጣብቋል። አያ ሚሊሜትርን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸውና ሲያዩት ፊታቸው ላይ ድል ብቻ አልነበረም።

«እህሳ ልጄ፣ መለኪያህ ምን አለ?»

«ዜሮ፣ የኔታ።»

«ለኔ ነው ለአንተ?»

ሕዝቡ ፈነዳ። አያ ሚሊሜትርም ደብተሩን ከብብቱ አወጣ። ሽፋኑ የዳፕ ማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጠርዙ ላይ የ1984ቱ ኩራዝ የተወው የጋዝ እድፍ አለ። በውስጡ እያንዳንዱ ቀን አንዲት መስመር ናት። የአንዷን መስመር ክብደት ልንገራችሁ? አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ጥማድ ማሳ ላይ ሲወርድ 2,500 ሊትር ውሃ ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል አሥራ ሁለት ከግማሽ። እና በዚያች ደብተር ውስጥ የ14 ክረምት ሚሊሜትር አለ። መሪጌታው ተቀበሉት። ከበድ ሳይላቸው አልቀረም፣ በሁለት እጅ ያዙት።

12፡30 ገደማ አያ ሚሊሜትር ቤቱ ገብቶ መደብ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ሙልሙሉን ከምጣድ እያወጡ ያዩታል። ማጽናናት አልፈለጉም፤ አስራ ስምንት ዓመት አብረው ኖረው ያ ሰው ሲከፋው ዝም ማለት እንደሚሻለው ያውቃሉ።

«ውሃ ስጪኝ እስቲ» አላቸው።

ቀዱለት። አንዴ ተጎንጭቶ ኩባያውን አወረደ። ጥርሱን አሳመመው።

«ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከጅረቷ ነዋ። ቅድም፣ 12 ሰዓት ላይ። እኔንም እጄን አደነዘዘኝ። ደግሞ ትንሽ ደፍርሳለች፤ እስኪጠል ጠብቄ ነው።»

አያ ሚሊሜትር ኩባያውን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠጋው። ላዩ ላይ አንዲት ቀጭን የአስታ ቅጠል ተንሳፋለች። አስታ እዚህ አይበቅልም። አስታ ያለው ላይ ነው፣ ተራራው ላይ።

«ጠዋት ውሃው የት ይደርስ ነበር?»

«ጉልበቴም አልደረሰ። ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስድስት።

አሁን ገባው። እናንተም አሁን ይግባችሁ። የሚቀርብ ደመና ቁጥሩ ይቀንሳል፤ የሚርቅ ደመና ቁጥሩ ይጨምራል። የማይቀንስም የማይጨምርም ደመና ግን አልሄደም። ቆሟል። 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ጅረቷ ከምትነሣበት ጉያ አናት ላይ ተቀምጦ፣ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እያፈሰሰ ነው። ሒሳቡን ልሥራላችሁ፦ 50 ሚሊሜትር ዝናብ በ10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ቢወርድ 500 ሚሊዮን ሊትር ነው። ተራራ ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ውሃ አያስቀምጥም።

አያ ሚሊሜትር ወጣት ሳለ ድሬዳዋ ምድር ባቡር አራት ዓመት መሥራቱን ክፍል 2 ላይ አንብባችኋል። ያኔ ለምን እንደጻፍኩት አልገባችሁም ነበር፤ «ምን አገባን ባቡር?» ብላችሁኝ ነበር። ይኸው አገባችሁ። ደቻቱን ያውቀዋል። ከተማውን ለሁለት የሚከፍል አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ማለትም ከዚህ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ዝናቡ የሐረርጌ ደጋ ላይ ወረደና ውሃው በሌሊት ከተማው ገባ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሬዲዮው ገና ያንን ተናግሮ ሳይጨርስ ነሐሴ 7 የኦሞ ወንዝ በታችኛው ሸለቆ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው በላ። አያ ሚሊሜትር ያን ሰሞን ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር የሚያድረው። «የዘነበው ሌላ ቦታ፣ የሞተው ሌላ ቦታ» እያለ።

«ልጁስ?» አለ። ድምፁ ተለወጠ።

«ማዶ ነው እንጂ፣ ሆያ ሆዬ...» ሚስቱ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ምጣዱን ትተው ተነሡ። እሱ ከበር ወጥቷል።

በምሥራቅ በኩል ደመናው ለአፍታ ተገልጦ ጮቄ ታየ። ነጭ ነጠላ ለብሷል። በረዶ! ችቦው ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ እያየው ያጨበጭባል። «የኔታ እዚያ ጣሉት! እዚያ ጣሉት!» ሰዓቱ 12፡44። መሪጌታው ደብተሩን እንደያዙ እሳቱ አጠገብ ቆመዋል፤ ልጆች ችቦውን ሊለኩሱ ነው።

«የኔታ፣ ደብተሩን ይስጡኝ!»

«ኧረ በሉ ያዙት!» አለ አንዱ እየሳቀ። «ውርርድ ሊበላ ነው!»

«አቃጥለዋለሁ። በገዛ እጄ አቃጥለዋለሁ። አንድ ገጽ ልይ ብቻ!»

«ልጄ፣ ሰው ቃሉን...»

«የኔታ፣ በረዶውን የት ጣሉት?»

መሪጌታው በመቋሚያቸው አመለከቱ። «አታየውም? ጮቄ ላይ።»

«ውሃውንስ? ውሃውን የት ጣሉት?»

ሳቁ ቆመ። አንድ ሰው አልተነፈሰም። መሪጌታው ወደ ተራራው አዩ፣ ወደ ጅረቷ አዩ። ሰባ ዓመት ሰማይ ያዩ ሰው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ አልተነገራቸውም። መርፌ ቁልፉን ራሳቸው ነቅለው ደብተሩን ዘረጉና፣ ዓይናቸው ስለማያነብ ሰጡት። «ችቦ አምጡ!» አሉ። «ብርሃን አሳዩት!»

የዳፕ ከረጢቱ ሽፋን ተንኮሻኮሸ። ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ ገለጠ። 1995፣ ሐምሌ። አገኘው። በዚያች ደቃቃ ጽሑፉ «እዚህ 0.0። ደመና ምንጩ ላይ ቆመ 8፡10። ጅረት ሞላ 9፡50» ይላል።

«አንድ ሰዓት ከአርባ!» አለ ልማት ሠራተኛው በትከሻው ላይ ተንጠራርቶ። «ዛሬ የቆመው ስንት ሰዓት ነው?»

«11፡25።»

«እንግዲያው 1፡05። አሁን 12፡48 ነው። አስራ ሰባት ደቂቃ አለን!»

አያ ሚሊሜትር ሌላ ገጽ ገለጠ። አየው። ዘጋው።

ምን አየ? ሕዝቡ አላወቀም፤ ሚስቱም አላወቁም። ለእናንተ ግን አልደብቅም። የ1990 ገጽ ነው። «ቆመ 9፡30። ሞላ 10፡50» ይላል። አንድ ሰዓት ከሃያ። በዚያ ሒሳብ ደራሽ ጎርፉ መድረስ የነበረበት 12፡45 ላይ ነው። ከሦስት ደቂቃ በፊት።

አንዱን ልጅ ጅራፉን ከእጁ ነጥቆ ቁልቁል ሮጠ። ልማት ሠራተኛው ተከተለው። ሚስቱ ነጠላቸውን ጥለው ተከተሉ።

«እኔ መሮጥ አልችልም» አሉ መሪጌታው ለቀረው ሰው። «ግን ድምፅ ማሰማት እችላለሁ። ማዶ ያለው ሁሉ አደጋ መሆኑን ይወቅ።» ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ።

አዎ። ገብቷችኋል አይደል? ትንፋሻችሁን ሰበሰባችሁ? መሪጌታውን አስቁሟቸው እስቲ! ጩኹ! አይሰሟችሁም። የጠብታ እናት ብቻ ናቸው ሊያስቆሟቸው የሚችሉት፤ እሳቸው ደግሞ ቁልቁለቱን እየወረዱ ነው።

አያ ሚሊሜትር መሻገሪያው ላይ የደረሰው 12፡57 ነው። ጅረቷ ገደል ውስጥ ስለምትሄድ እዚያ ታች ጨልሟል። መረማመጃ ድንጋዮቹ በጭንቅ ይታያሉ፤ ውሃው ከጠዋቱ ትንሽ ከፍ ብሎ እያጉረመረመ በመካከላቸው ያልፋል። ደርሷል! ከጎርፉ ቀድሟል!

ተንፍሶ ሳይጨርስ ከኋላው፣ ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣

ድን! ድን! ድን!

«ምን አደረጉ?» አሉ ሚስቱ ከኋላው ደርሰው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ደወል ስትሰሙ ኑ ብዬአቸዋለሁ! እኔ ነኝ ያልኳቸው!»

ማዶ ዳገቱ ላይ ችቦዎች ብቅ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኝ። እየዘፈኑ፣ እየተገፋፉ፣ ቁልቁል እየሮጡ ወደ ውሃው። ሙልሙሉ ሞቅ እንዳለ እናቱ ቤት ለመድረስ የሚሽቀዳደም ልጅ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ።

«ጠብታ! ቁም! ቁሙ!»

ደወሉ ድምፁን በላው። ልማት ሠራተኛውም ጮኸ፤ ከጅረቷ ጉርምርምታ አላለፈም።

ያኔ ነው እንቁራሪቶቹ ዝም ያሉት። ሁሉም፣ ባንድ ጊዜ። ከገደሉ በላይ በኩል ቀዝቃዛ አየር መጣ፤ እርጥብ አፈርና የተቆረጠ ሣር ይሸታል። ከሽታው ኋላ አንድ ድምፅ አለ፤ የውሃ ድምፅ አይደለም። ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ነው።

አያ ሚሊሜትር ጅራፉን ከራሱ በላይ አዙሮ ወነጨፈ። ሁለቴ። «ባለህበት ቁም።»

ጧ! ጧ!

ማዶ ችቦዎቹ ቆሙ። ሚስቱ ጮክ ብለው ቆጠሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ስምንት።»

ስምንት።

ዘጠነኛዋ ችቦ ዳገቱ ላይ የለችም። ዘጠነኛዋ ቀድማ ወርዳለች። ከውሃው መካከል፣ ሦስተኛዋ ድንጋይ ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብላ ቆማለች። የያዛትን ልጅ ፊት ማየት አያስፈልግም፤ ጅራፍ ሰምቶ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ የሚቆጥር ልጅ በዚያ መንደር አንድ ብቻ ነው። ሰምቷል። ቆሟል። ወደኋላ ቢመለስ ሦስት እርምጃ ነው ያለው። ወደፊት ግን ሰባት ድንጋይ ይቀረዋል።

አያ ሚሊሜትር «ወደኋላ» ብሎ በእጁ ሊያሳይ ክንዱን አነሣ።

ገደሉን ግን ረስቶታል። የማዶው ገደል ግንብ ነው፤ የተቀበለውን ድምፅ ይመልሳል። ከሁለተኛዋ ጧ በኋላ፣ ዘግየት ብላ፣ ጥርት ያለች፣

ጧ!

ሦስት።

ችቦዋ ተወዛወዘች። ከዚያ ወደ አባቷ፣ ወደ አራተኛዋ ድንጋይ ዘለለች።

ከላይ በኩል፣ ገደሉ በሚታጠፍበት፣ ከጨለማው የጠቆረ ነገር ታጠፈ።

በሉ፣ እርግማኑን ጀምሩ። ማክሰኞ ታክሲ ሰልፍ ላይ አታገኙኝም፤ በእግሬ ነው የምሄደው።